ይህ ሁሉ የማን ነው?

ባለፈው ሐምሌ፣ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ በነበረ አንድ ቅዳሜ፣ በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፣ በአውሮራ የሚገኝ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የአረጋውያን ማኅበር እኔ ወደምማርባት ወደ ቦልደር ለሽርሽር መጥቶ ነበር። አስተባባሪዎቹ ቦታውን ታውቂዋለሽና ተቀበይን ስላሉኝ፣ ከተማው ከተራራው ጋር በሚገናኝበት በሻታኳ መናፈሻ በር ላይ ቆሜ አውቶቡሱን ጠበቅሁ። ነጠላ የደረቡ እናቶችና ከዘራ የያዙ አባቶች እየተደጋገፉ ወረዱ፤ ሰፊው መስክ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ድፎ ዳቦው ተቆረሰ። ጀበናና ከሰል ይዘው የመጡት እናቶች ግን አንድ የመናፈሻው ጠባቂ ቀርቦ በደረቁ ሣር መካከል እሳት መለኮስ እንደማይፈቀድ በትሕትና ሲነግራቸው፣ በፔርሙስ የመጣውን ቡና መቅዳት ጀመሩ። ማንም አልተከፋም። በ2021 ዓመት ማብቂያ ላይ በነፋስ የተነዳ እሳት ከቦልደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት ሰፈሮች ከ1,000 በላይ ቤቶችን በአንድ ቀን እንዳጋየ ሁሉም ያስታውሳሉ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን ማስታወቅ ለምን እንዳስፈለገ ወደ ታች ይታያል።)

ከአባቶቹ አንዱ ምንጣፉ ላይ አልተቀመጡም። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ለብዙ ዓመታት በዴንቨር ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ከመስኩ ጫፍ ጋደል ብለው የቆሙትን ፍላታይረንስ የሚባሉትን ቀይ ገደሎች፣ ከሥራቸው ያለውን የጥድ ደን፣ በየመንገዱ የሚወጡትንና የሚወርዱትን ወጣቶች ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደዚህ ከተማ ስንቱን ተማሪና ስንቱን ፕሮፌሰር እንዳመላለሱ ነገሩኝ፤ ይሁን እንጂ ከአስፋልቱ አልፈው ወደ ሣሩ ገብተው አያውቁም ነበር። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ የማን ነው?» አሉኝ።

እንግዶችን ወደዚህ ተራራ ስወስድ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፤ ምን ያህል ይርቃል፣ ድብ አለበት ወይ፣ ውኃ ስንት ሊትር እንያዝ። የባለቤትነትን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጫማዬን አጥብቄ የምወጣበት ተራራ በአንድ ሰው እጅ ሊሆን ይችል እንደነበር፣ አጥር ሊኖረው ይችል እንደነበር አስቤ አላውቅም። ጥያቄው ከዚያን ቀን ወዲህ አልተለየኝም።

«በ67?»

«የከተማው ነው» አልኳቸው። መልሱ አላረካቸውም። ከተማው ማለት ከንቲባው ነውን? መንግሥት ነውን? ዩኒቨርሲቲው ነውን? እኔም በጥንቃቄ ለመመለስ ሞከርኩ፤ «በ1967 የከተማው ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ በራሱ ላይ ግብር ጣለ፤ በዚያ ገንዘብ መሬቱን ከባለ መሬቶች ላይ እየገዛ የጋራ አደረገው» አልኳቸው።

ፊታቸው ድንገት ተለወጠ። «በ67?» አሉ። «በ67 እኔ ጎረምሳ ነበርሁ።»

እርሳቸው የሰሙት 67 የራሳችንን 67 ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ የታወጀባት ዕለት። የቦልደር ሰዎች ድምፅ የሰጡበት ጊዜ በእኛ አቆጣጠር 1960 ዓ.ም. ላይ እንደሚውል ነገርኳቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገር ግን ሐሳባቸው አስቀድሞ ሌላ ተራራ ላይ ደርሶ ነበር። ስለ ጓሳ ይነግሩኝ ጀመር።

ጓሳ በመንዝ ጌራ ያለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውርጫማ አምባ ነው። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ ለዝናብ ገሳ የሚሠራበት ሣር። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይህን አምባ በጋራ ይዘው፣ አለቃ መርጠው፣ ለዓመታት ዘግተው እያስከበሩ፣ ሣሩ ሲደርስ ደግሞ በቀጠሮ እየከፈቱ ሲያጭዱት ኖረዋል። ድርቅ በመጣ ጊዜ ለከብቱ መሸሸጊያ ይሆናል። ጭላዳ ዝንጀሮውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ የቆዩልን በዚህ ጥበቃ ምክንያት ነው።

«በ67 ጓሳ የሁሉም ነው ተባለ» አሉኝ ሽማግሌው። «የሁሉም ነው ሲባል ሁሉም እየሮጠ ገባበት፤ ጠባቂ አጣ። እዚህ ግን የሁሉም ሆኖ ጠባቂ አለው። እንዴት አድርገው ነው?»

ይህ ንግግር አስቆመኝ። ከተማሪ ጓደኞቼ ጋር ስለ ቦልደር ስናወራ የምናወራው ስለ ውበቱና ስለ ንጹሕ አየሩ ነው፤ ተራራውን የተፈጥሮ ስጦታ አድርገን እንቆጥረዋለን፤ ለሽርሽር የሚወጡትን ሰዎችም ጊዜና ገንዘብ የተረፋቸው አድርገን እናያቸዋለን። ሽማግሌው ግን በአንድ እይታ ከሥር ያለውን አሠራር አዩ። የሣር አጨዳና የእግር ጉዞ የተለያዩ ነገሮች ቢሆኑም፣ ሁለቱም የሚመጡት መሬቱ ባለቤት ሲኖረውና ባለቤቱ በራሱ ላይ ሕግ ሲያወጣ እንደሆነ ያወቁት ከመንዝ ነው። እንዴት አድርገው ነው ለሚለው ጥያቄ ግን በዚያች ሰዓት የሚበቃ መልስ አልነበረኝም፤ ለዚህም ነው ወደ ቤቴ ስመለስ ስለ ከተማው ማንበብ የጀመርኩት።

በካርታ ላይ የተሰመረች መስመር

ነገሩ የሚጀምረው እኛ ከተቀመጥንበት መስክ ነው። በ1898 ከቴክሳስ ሙቀት ሸሽተው በጋውን በንባብ፣ በንግግርና በሙዚቃ የሚያሳልፉበት ቀዝቃዛ ቦታ የሚፈልጉ መምህራን ነበሩ፤ ቦልደር ደግሞ ገና ትንሽ ከተማ ነበረች። ነዋሪዎቿ ቦንድ ለመሸጥ ድምፅ ሰጥተው ከተራራው ሥር ያለውን የእርሻ መሬት ገዙና ለዚህ ዓላማ አዋሉት። በዚያው ዓመት የተሠራው የእንጨት አዳራሽ ዛሬም ቆሟል፤ በበጋ የሲምፎኒ ኮንሰርት ይሰማበታል፤ ነፋስ ሲነፍስ ሳንቃው ሲንቋቋ ከቫዮሊኑ ጋር አብሮ ይሰማል። መዝናኛውና ተራራው በዚህች ከተማ አንድ ላይ የተወለዱ መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከመጀመሪያውም ሰዎቹ መሬቱን የገዙት ለሙዚቃና ለእግር ጉዞ በአንድነት ነው።

ወሳኙ ነገር የመጣው ግን በ1959 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ በፍጥነት አደገች፤ ቤቶች ወደ ዳገቱ መውጣት ጀመሩ። በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩ ሁለት ሰዎች፣ የሒሳብ መምህሩ ሮበርት ማኬልቪና የፊዚክስ መምህሩ አልበርት ባርትሌት፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው አንድ ቀላል ሐሳብ አቀረቡ፤ ከ5,750 ጫማ፣ ማለትም ከ1,753 ሜትር ገደማ በላይ ላለ ቦታ ከተማው ውኃ አያቅርብ የሚል። መሬት አልወረሱም፤ ማንንም አላፈናቀሉም፤ ውኃው እስከ የት እንደሚወጣ ብቻ ወሰኑ። ውኃ በሌለበት ሰፈር አይቆምምና ተራራው ዳነ። ሕዝቡ በድምፁ አጸደቀው፤ መስመሩም ሰማያዊው መስመር ተባለ።

ይህን ሳነብ በጣም የነካኝ የመምህራኑ ሥፍራ ነው። ሥልጣን አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የማስተማር ሥራ፣ ካርታና ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ባርትሌት በኋላም ዕድሜውን ሁሉ ስለ ዕድገት ሒሳብ ሲያስተምር ኖረ፤ በየዓመቱ ጥቂት በመቶ ብቻ የሚያድግ ነገር ባልታሰበ ፍጥነት እጥፍ እንደሚሆን ለሰሚ ሁሉ ያስረዳ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ከተማ መሆን ለቦልደር ያመጣላት ትልቁ በረከት፣ እንደ እኔ ግምት፣ ስታዲየሙም የተማሪው ጭፈራም አይደለም፤ የሚያስሉና ስሌታቸውን ወደ ጎረቤት ይዘው የሚወጡ ሰዎች መኖራቸው ነው።

መስመሩ ብቻውን አልበቃም። በ1962 ኢንቻንትድ ሜሳ በተባለው ጥድ የለበሰ ጉብታ ላይ የቅንጦት ሆቴል ሊሠራ ሲታሰብ፣ ሕዝቡ እንደገና ድምፅ ሰጥቶ በ105,000 ዶላር ቦንድ መሬቱን ገዛ። ያኔ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ ሆቴል በታሰበ ቁጥር እየተሯሯጡ ገንዘብ መሰብሰብ አይዘለቅም። እናም በ1967 ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ሽያጭ ላይ 40 ሳንቲም ለመሬት መግዣና መጠበቂያ እንዲውል ወሰኑ። በአሜሪካ አንድ ከተማ ክፍት መሬት ለመግዛት ብሎ በራሱ ላይ ግብር ሲጥል ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይባላል፤ አርባዋ ሳንቲም ማንንም ሳታስጨንቅ ዛሬ ከ18,000 ሄክታር የሚበልጥ መሬትና ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የእግር መንገድ ሆናለች።

ይህን በስልክ ለሽማግሌው ሳጫውታቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «እኔ እኮ መንገደኛ እየጠበቅሁ ስንት ጊዜ እዚያ ምሳ በልቻለሁ» አሉ። «ከአሥር ዶላር ምሳ አራት ሳንቲም ማለት ነው። እንግዲያ እኔም ገዝቻለሁ።» ቀልድ አልነበረም። ድምፃቸው ላይ ርስቱ የተመለሰለት ሰው ዓይነት ክብደት ነበረበት፤ እኔም ፈጽሞ ትክክል ነዎት አልኳቸው።

«እነሱስ ከማን?»

በዚያው የስልክ ጭውውት ሌላ ጥያቄ ጨመሩ። ከተማው ከባለ መሬቶቹ ገዛ ብለሻል፤ ባለ መሬቶቹስ ከማን አገኙት? የርስት ክርክር ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም።

መልሱ ከባድ ነው። ይህ ሸለቆ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የአራፓሆ ሕዝብ የብርድ ወራት መስፈሪያ ነበር፤ በ1851 በፎርት ላራሚ በተፈረመው ውል አገሩ የአራፓሆና የሌላው ነባር ሕዝብ የሻያን እንደሆነ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ አውቆ ነበር። ወርቅ ሲገኝ ውሉ ተረሳ። በ1864 በጋ፣ ከቦልደር አጠገብ ፎርት ቼምበርስ በተባለ የጭቃ ምሽግ ከአካባቢው የተሰበሰቡ ፈቃደኛ ወታደሮች ሠለጠኑ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 29 ቀን በሳንድ ክሪክ ሰፍረው ከነበሩት ሻያንና አራፓሆ ከ230 የሚበልጡት ሲገደሉ እነዚህ ወታደሮች እዚያ ነበሩ። ከሞቱት የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ቦልደሮችን የመራው መኮንን ዴቪድ ኒኮልስ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በዚህች ከተማ እንዲመሠረት ከደከሙት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ የተማሪዎች ማደሪያ ሕንፃም በስሙ ተሰይሞ ነበር። ስሙ የተነሣው በ1989 ነው፤ ሕንፃው አሁን ሻያን አራፓሆ አዳራሽ ይባላል። በፊቱ ባለፍኩ ቁጥር ስሙን ሳላነብ ማለፍ ትቻለሁ።

ከተማው ምሽጉ የነበረበትን መሬት በ2018 በዚያችው የሽያጭ ግብር ገዝቶ፣ ምን ይሁን በሚለው ላይ ከአራፓሆና ከሻያን ተወካዮች ጋር ሲመክር ቆይቷል። በ2021 ደግሞ በካንየኑ አፍ ላይ ያለውና በሰፋሪዎች ስም ይጠራ የነበረው መናፈሻ የሕዝቦች መሻገሪያ ተብሎ ተሰይሟል። ስም መለወጥ መሬት አይመልስም። ሆኖም የጋራ ገንዘብ የጋራውን በደል ለማወቅ ሲውል ማየት፣ ስለዚህ ተራራ ባለቤትነት ያለኝን ሐሳብ ጥልቅ አድርጎታል፤ ባለቤትነቱ በክፍያ ብቻ አልተዘጋም፤ ዕዳም አለበት።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ በጸጥታ ሰምተው፣ «ታዲያ ዛሬ የት ናቸው?» አሉ። የሰሜን አራፓሆዎች በዋዮሚንግ፣ የደቡቦቹ በኦክላሆማ እንደሚኖሩ ነገርኳቸው። «በስደት» አሉና ሌላ ነገር አላከሉም።

ቅዳሜና እሑድ የማን ነው?

ቦልደር ለመዝናናት የተመቸች ከተማ መሆኗን ማንም አይክድም። ከ1977 ጀምሮ ለመኪና የተዘጋው የፐርል ጎዳና በበጋ ምሽት በአዝማሪና በሰርከኛ ይሞላል። በዩኒቨርሲቲው ግቢ በድንጋይ የተሠራው የሜሪ ሪፐን ቲያትር ከ1958 ጀምሮ የሼክስፒርን ድርሰቶች ከዋክብት ሥር ሲያሳይ ቆይቷል። በመከር በዩኒቨርሲቲው ፎልሰም ስታዲየም አሜሪካውያን እግር ኳስ በሚሉት ጨዋታ መክፈቻ ላይ አንዲት ሴት ጎሽ በአሠልጣኞቿ ታጅባ ሜዳውን ስትዞር አምሳ ሺህ የሚሆን ሕዝብ ይጮኻል፤ እናቶቻችን ይህን ስነግራቸው በፍጹም አላመኑኝም ነበር። በዩታ ከአርባ ዓመት በላይ የቆየው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫልም ከ2027 ጀምሮ ማረፊያው ቦልደር እንዲሆን ተወስኗል።

ለእኛ ሰዎች ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሜይ ወር የመጨረሻው ሰኞ ነው። በ1979 የተጀመረው ቦልደር ቦልደር የተባለው የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ፣ ሕፃን ያዘለ ሳይቀር፣ በየሰፈሩ ሙዚቃ እየተጫወተለት የሚሮጥበት በዓል ነው። ሕዝቡ ሮጦ ፎልሰም ስታዲየም ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው ታዋቂዎቹ ሯጮች የሚነሡት፤ ስለዚህ አሸናፊዎቹ ሲገቡ የሚያጨበጭበው ሁሉ ያንኑ ዳገት ራሱ የቀመሰ ሰው ነው። ማሚቱ ዳስካ ይህን ውድድር ደጋግማ አሸንፋለች፤ የኢትዮጵያ ሴቶች ቡድንም እንዲሁ። በዚያ ቀን ከአውሮራ የሚመጡት ወገኖቻችን ባንዲራ ለብሰው ከፍ ያለውን የስታዲየሙን ክፍል ይይዛሉ፤ ሯጮቹ ለእንጀራ፣ ሕዝቡ ለጨዋታ የሮጡበት መንገድ አንድ መሆኑ ግን ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ ወገኖቼ ወደ ቦልደር የሚመጡት በዓመት አንድ ቀን ለሩጫው፣ በሌላው ቀን ሁሉ ለሥራ ነው። በሆቴሎቹ ይሠራሉ፤ አረጋውያን ይንከባከባሉ፤ አውቶቡስ ይነዳሉ። የሚያድሩት ግን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነው፤ ምክንያቱም በቦልደር አንድ መካከለኛ ቤት ከሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቃል። ያው ተራራውን ያዳነ ሕዝብ በ1971 ከ55 ጫማ፣ ማለትም ወደ 17 ሜትር ከሚጠጋ በላይ ሕንፃ እንዳይሠራ በድምፁ ከልክሏል። ከዳር መሬቱ ተከብሯል፤ ከላይ ሰማዩ ተከብሯል፤ በመካከል የቀረው ጠባብ ቦታ ዋጋው ጣራ ነካ።

በዚህ ጉዳይ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቹ የመሬቱ መገዛት ራሱ የድኻ ማስወጫ ነበር ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ተራራው ላይ ሺህ የሀብታም ቪላ ቢሠራ ኖሮ ከአውሮራ የሚመጣው ሰው ቤትም አያገኝ፣ ተራራም አያይ ነበር። ስህተቱ ያለው መሬቱን የጋራ ሲያደርጉ መኖሪያውንም በዚያው ብርታት የጋራ ጉዳይ አለማድረጋቸው ላይ ነው፤ ሕንፃው ሁለት ፎቅ ቢጨምር ፍላታይረንስ አይሸፈኑም። ይህን የምለው ከተማውን ስለምወድ ነው።

የእኛም ወገን ድርሻ አለው። ወደ ተራራው ለመግባት ትኬት አይቆረጥም፤ በአንዳንድ መነሻዎች ከካውንቲው ውጭ የተመዘገበ መኪና 5 ዶላር የማቆሚያ ይከፍላል፤ በበጋ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሻታኳ የሚያደርስ ነፃ አውቶቡስ አለ። ሆኖም ሃያ ዓመት በኮሎራዶ ኖረው አንድ ጊዜ እንኳ ጥዱ ሥር ያልተቀመጡ ብዙዎች ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ ግብሩን ከፍለው ጥላውን አላዩም። ድካም አለ፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መተኛት ይፈልጋል። ከድካም በላይ ግን ያ ቦታ የእኛ አይደለም የሚል ያልተነገረ ስሜት እንዳለ አይቻለሁ፤ ውድ ጫማና ልዩ ቦርሳ ያለው ሰው ብቻ የሚገባበት ይመስላል። በዚያ ቅዳሜ ስሊፐር ያደረጉ እናት ያለ ምንም ችግር ግማሹን ዳገት ወጥተው ተመልሰዋል። ቦልደር በ1,655 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። ከቆላማው አሜሪካ የመጡት እንግዶች ሲያለከልኩ የእኛ እናቶች እያወጉ ነበር የወጡት።

ጓሳና ጦሳ

ጓሳ ጠፍቶ አልቀረም። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም፣ የአካባቢው ገበሬዎች ቀስ በቀስ በኮሚቴ ተደራጅተው ጥበቃውን መልሰው አቆሙት፤ በኋላም የክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። እንግዳ ማረፊያም ሠርተው ተጓዥ ተቀብለዋል። ስለዚህ ሽማግሌው የጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ በከፊል በእርሳቸው መንደር ነበር፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። «ሣሩን ሳላየው አልሞትም» አሉኝ፤ መንገዱ ሲከፈት ልጆቻቸውን ይዘው ለመሄድ አስበዋል።

እኔ ያደግሁት በደሴ ነው፤ የጦሳ ተራራ ከበራችን ይታያል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም እዚያው አለ። ተማሪው ቅዳሜ ከሰዓት ጦሳ ላይ ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በባሕር ዛፉ መካከል ያነባል፤ ማንም መዝናኛ ብሎ ስም ባይሰጠውም መዝናኛው ያ ነው። ቤቶቹ ግን በየዓመቱ ወደ ዳገቱ ይወጣሉ። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ናት፤ የዳገቱ ጥያቄ የሽርሽር ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጥያቄም ነው።

ሰላም በታጣበት በዚህ ጊዜ ስለ እግር ጉዞ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉኝ ይኖራሉ፤ ሕመማቸው ሕመሜ ነው፤ ቤተሰቤም እዚያው ነው። ነገር ግን የመንዝ አባቶች ጓሳን ያከበሩት በጥጋብና በሰላም ዘመን ብቻ አልነበረም፤ ያከበሩት ለክፉ ቀን ነበር፤ ረሃቡም ጦርነቱም ሲያልፍ የተረፋቸው ያከበሩት ነገር ነው። በጦርነት መካከልም ቤት ይሠራል፤ ዳገቱም ይቆፈራል፤ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ጦሳን በምን ሁኔታ እንደሚያገኘው የሚወሰነው አሁን ነው።

በቦልደር ነገሩን የጀመሩት ሁለት መምህራን የወሰኑት ውኃው እስከ የት እንደሚወጣ ብቻ ነበር። በደሴም ውኃና መብራት እስከ የት ይድረስ የሚለውን የሚወስን አካል አለ፤ ውሳኔው ግን ለነዋሪው ቀርቦ ሲመከርበት ሰምቼ አላውቅም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂና የሒሳብ መምህራን፣ ከጦሳ ሥር ካሉት ሰፈሮች እድሮች ጋር ሆነው አንድ ካርታ ቢዘረጉ፣ ዳገቱን በሜትር ቢለኩ፣ የሚንሸራተተውንና የጸናውን አፈር ለይተው ከዚህ ከፍታ በላይ ውኃ አይወጣም የሚሉበትን ቁጥር ጽፈው ለከተማው ምክር ቤት ቢያቀርቡ፣ ፊርማ ለማሰባሰብ ከዚህ ሆኜ የማግዝ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። በአውሮራ ያሉትን የደሴ ልጆችም አነጋግሬያለሁ፤ ለመለኪያው መሣሪያ ገንዘብ እናዋጣለን ብለዋል።